ጋሼ ዓለምነው አደን ጀመሩ

በየማለዳው ዳቦ ለመግዛት ሲወጡ ጋሼ ዓለምነው የግቢው በር ላይ ቆም ይላሉ። ቀኝ እግራቸውን ስንዝር ያህል ያነሡና አየር ላይ ትንሽ አቆይተው በጫማቸው የውጪ ጠርዝ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ከዚያ ግራው ይከተላል። በጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ የሚንኮሻኮሽ ቅጠል አንድም የለበት። እሳቸው ግን "ከተማ ውስጥ ያልተለማመደ እግር ጫካ ውስጥ አይታዘዝም" ይላሉ። ዳቦው ሲደርስ ሻዩ በርዷል።

በየሰፈሩ አንድ ጀማሪ አለ። ዕድር የሌለው ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ጀማሪ የሌለው ግን አይገኝም። እኛ ሌሎቻችን አንድ ሥራ ይዘን፣ እሱኑ እያማረርን እናረጃለን። ለጀማሪ ሰው ዘወትር ጧት ነው። ትናንት የጀመረውን ዛሬ ያስተምራል፣ ነገ ይረሳዋል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ነገር ጀምሮ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

የእኛ ግቢ ጀማሪ ክቡር ጋሼ ዓለምነው ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ፋርማሲ መድኃኒት ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር የጀመሩትን ሁሉ በቅርብ አይቻለሁ። ንብ ማነብ ጀመሩ፤ ንቦቹ በሦስተኛው ሳምንት ቤት ቀየሩ። በገና ጀመሩ፤ ከዐሥሩ አውታር አራቱ ተገጥመዋል። ፈረንሳይኛ የጀመሩ ጊዜ ደግሞ "ቦንዡር" ሳይባል ከቧንቧው ውኃ አይቀዳም ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ፋሲካ ዝርዝሩን በቃላቸው ይዘውታል።

"እኔን የሚገርመኝ" ይላሉ፣ "እኔን ማግባቱን እንዴት እንደጨረሰው ነው።"

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጋሼ ዓለምነው አደን ጀመሩ። ያውም በቀስት።

አዘዞ ያለ አንድ አናጢ ወይራ ጠርቦ ደጋኑን ሠራላቸው። ፍላጻው ሸምበቆ ነው። ጭድ የጠቀጠቁበት ጆንያ በግቢው ጥግ አቆሙና መለማመድ ያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ጆንያው ምንም አልሆነም። ገመድ ላይ የተሰጣው የእትዬ ፋሲካ ነጠላ ግን ሁለት ጊዜ ተወጋ።

"ነጠላዬ ምን አጠፋ? ቀንድ አለው?"

"ነፋስ ነው ፋሲካ። ፍላጻውን ነፋስ ወሰደብኝ።"

"ይኼ ነፋስ አንተ ጡረታ እስክትወጣ የት ነበር?"

ዕውቀቱ የተገኘው ከስልክ ነው። የባሕር ማዶ አዳኞች ስለ አጋዘን የሚያስተምሩትን ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ እያዩ ኀምሳ ገጽ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ። ጭራውን ካቆመ ፈርቷል። የፊት እግሩን መሬት ላይ ከመታ ጠርጥሯል። አንገቱን ደፍቶ ድንገት ቀና ካለ እያታለለህ ነውና አትነቃነቅ። "እንስሳ አይዋሽም" ይሉናል ጣታቸውን አንሥተው፤ "ማንበብ ያቃተን እኛ ነን።" ይህን ዓረፍተ ነገር በዚያ መስከረም ብቻ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የሰፈሩ ድመት እንኳን እሳቸው ሲያዩዋት ጭራዋን መደበቅ ጀምራ ነበር።

የጎደላቸው የሚታደን እንስሳ ነበር። እሱም በስልክ መጣ።

ከደባርቅ መንገድ ወጣ ብላ፣ ስሟን በማልጽፋት አንዲት መንደር፣ የጋሼ ሟች የአጎት ልጅ ሚስት የነበሩ እትዬ እታገኘሁ ይኖራሉ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሳንጃ የሰሊጥ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው። ከቤታቸው በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ከደኑ ሥር የባቄላ ማሳቸው አለ። ደወሉና "ድኩላ ባቄላዬን ፈጀው" አሉ። "እንዲህ ከቀጠለ ለሁዳዴ ሽሮ የለኝም። ኀምሳ አምስት ቀን ምን እበላለሁ?"

ጋሼ ዓለምነው ስልኩን ዘግተው ብድግ አሉ። በሳምንቱ ከሚመለከተው ቢሮ "ሰብል የሚያጠፋ አንድ ድኩላ" እንዲገድሉ የሚፈቅድ ባለ ማኅተም ወረቀት አወጡ። ወረቀቱን በላስቲክ አስለበጡት። እትዬ ፋሲካ አገላብጠው አዩትና "አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ጨርሰህ አሳየኝ" አሏቸው። ቀልድ አልነበረም፤ ጋሼም አልሳቁም።

መንደሩ የተቀበላቸው በሳቅ ነው። ጠመንጃ እንደ ዱላ በሚያዝበት አገር ደጋን ይዞ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። የእትዬ እታገኘሁ የማሳ ጎረቤት ምንይችል፣ የእሱም ባቄላ ተበልቶበታልና፣ ደጋኑን አየት አድርጎ

"አያ፣ ጥጥ ሊነድፉ ነው የመጡ?" አላቸው። "ክላሽ ላውስዎትና በአንድ ጥይት እንገላገል።"

"ጥይት የችኩል ሰው መሣሪያ ነው፣ ወንድሜ።"

"ባቄላውም ችኩል ነው እኮ አያ። ኅዳርን አይጠብቀንም።"

በመጀመሪያው ቀን ካብ ሥር ተኝተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ከኋላቸው አንድ ውሻ መጮህ ጀመረ። ዝም ቢሉት አልተወም። በመጨረሻ ዞር ሳይሉ ድንጋይ አንሥተው "ሂድ! አንተ ውሻ፣ አደኑን አበላሸኸው!" ብለው ወረወሩ። ማምሻውን እትዬ እታገኘሁ ከሳቃቸው ሲመለሱ እንደነገሯቸው፣ ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ጋሼ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙትን ድኩላ በድንጋይ አባረሩት። ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፉት።

ቀጥሎ የሽታ ነገር መጣ። አዳኝ የሰው ጠረን ሊኖረው አይገባም ተብሏልና ጃኬታቸውን ሦስት ቀን ፍየሎች ጋር አሳደሩት። ፍየሎቹ አንዱን ኪስ በሉት፤ የተረፈውን ለብሰው ወደ ጎንደር ተሳፈሩ። የሚኒባሱ ረዳት መስኮት ሁሉ ከፍቶ "ፋዘር፣ የእንስሳ ሒሳብ ለብቻ ነው" አላቸው። እትዬ ፋሲካ በር ላይ "ወይ ጃኬቱ ወይ እኔ" ብለው ስለጠበቋቸው ጃኬቱ ውጪ አደረ።

በዚህ መሀል ትምህርቱ ቀጥሏል። ድኩላው በመጣ ቁጥር እትዬ እታገኘሁ "ዛሬም በላብኝ" ብለው ይደውላሉ፤ ጋሼም ስልካቸው ላይ የሚያዩትን ቀን ደብተሩ ላይ ያሰፍራሉ። በወሩ መጨረሻ ሁለት ግኝቶችን አበሰሩን። የመጀመሪያው፣ ድኩላው በየሰባት ቀኑ አንዴ ሳያጓድል ይበላል፤ ይህ የጨጓራ ዑደት ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ ውጪ የሚመጣባቸው ቀኖች ከጨረቃ ጋር የተያያዙ ናቸው። ገበታ ሠርተው በእስክሪብቶ ሙሉና ግማሽ ጨረቃዎች ሥለውበታል።

ገበታውን ሊያስረዱ ወደ መንደሯ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ የማልናገር በመሆኔ ለአደን የተፈጠርኩ ነኝ ብለው ያምናሉ። እትዬ እታገኘሁ ሽንብራ እየለቀሙ አዳመጡ።

"ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት" ብለው ጀመሩ ጋሼ። "ሃያ ስድስት። ኦክቶበር አንድ። ሦስት። ሰባት።"

"ምነው አያ፣ ይኼ የማን አገር ቀን ነው? በእኛ ስንት ይውላል?"

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። "ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ስድስት። ሃያ አንድ። ሃያ ሦስት። ሃያ ሰባት።"

እትዬ እታገኘሁ ሰፌዱን አስቀመጡት። "ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም" አሉ። "በየሰባት ቀኑ ያሉትስ እሑድ አይደለም?"

ጋሼ ዓለምነው ገበታቸውን አዩት። ጨረቃዎቹም መልሰው አዩዋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበዓል ቀን ገበሬ ማሳ አይወርድም፤ ጅራፍ አይጮህም፣ በሬ አይጠመድም፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ድኩላዋ (ሴት መሆኗም ያን ቀን ተነገረን) ከደኑ ጫፍ ሆና ዝምታውን ታዳምጣለች፤ በዓል መሆኑን ስታረጋግጥ ወርዳ ባቄላዋን ትበላለች። በሥራ ቀን ብቅ አትልም። የወር በዓላቱን ከአብዛኞቻችን አሳምራ ታውቃለች።

"እንግዲያው በሚቀጥለው በዓል ጠብቄ…" ብለው ጀመሩ ጋሼ።

"በማርያም ቀን ደም? እኔ ማሳ ላይ? አይሆንም አያ።"

የደብሩን አለቃ አባ ወልደ ዮሐንስን ጠየቅን። ደኑ ከጥንት ጀምሮ የተገዘተ ነው፤ ከውስጡ ቅጠል አይቆረጥም፣ በውስጡ ያለ አይነካም። ከደኑ ውጪ ደግሞ የምትወጣው በበዓል ነው፤ በበዓል ደግሞ አይታደንም። አባ ጢማቸውን እያሻሹ "ልጄ፣ እሷ ሥርዓቷን ጠብቃለች" አሉ። "አንተ ነህ የተቸገርከው።"

ጥቅምት እንዲህ አለፈ። ጋሼ ከማራኪ ይደውላሉ፣ ያስጠናሉ፤ እትዬ እታገኘሁ ከማሳቸው ካብ ሥር ሆነው ያያሉ፣ ይመልሳሉ። ጆሮዋ ወዴት ዞረ? እግሯን መታች? ስትበላ ስንት ጊዜ ቀና አለች? ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥሪው ሲመጣ "በላብኝ" የሚለው ቃል እንደቀረ አስተዋልኩ። "ሰንበቴ መጣች" ነበር የሚሉት። ሰንበቴ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ ናት። ሰንበቴ ፍሬ ከያዘው ቅጠል ያልያዘውን ትመርጣለች። ሰንበቴ ዛሬ ዘገየች፣ ምን ሆና ይሆን? ጋሼ ሁሉን ይጽፋሉ፣ "እታገኘሁ ጎበዝ ተማሪ ናት" ይሉኛል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ የተማረላቸው ሰው አልነበረም። ባቄላው ግን ከላይ በኩል ሲሶው አልቋል።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ማክሰኞ ነበር፤ በዚያች መንደር የማይከበር ቀን። ከቀበሌ የማዳበሪያ ስብሰባ ተጠራና ሰው ሁሉ፣ ምንይችልም ጭምር፣ ጎበዝ አለቃውን ተከትሎ ሄደ። እትዬ እታገኘሁ "የሚባለውን ምንይችል ይነግረኛል" ብለው ቀሩ። መንደሩ እረጭ አለ። ጅራፍ የለም፣ "ና በሬ" የለም። ጋሼና እኔ በዋዜማው ከጎንደር ገብተናል፤ እኛ ሦስታችን ከካቡ ጀርባ ነን፤ ጋሼ ከፊት፣ እኔና እትዬ እታገኘሁ ከኋላ።

ሰንበቴ ዝምታውን ሰማች፣ በዓል መሰላት፣ ወረደች።

በዓል አይደለም። ከደኑ ሠላሳ እርምጃ ወጥታለች። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ነው። ነፋሱ ወደ እኛ ይነፍሳል። ከዐሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ጋሼ ዓለምነው ደጋናቸውን ሳቡ። በሕይወታቸው የሚጨርሱት አንድ ነገር እዚያ ቆሞ ባቄላ ይበላ ነበር።

አልጨረሱትም። ማምሻውን ከስብሰባ ለተመለሰው መንደር እንደነገሩት፣ ልክ ሊለቁ ሲሉ አስነጠሳቸው።

"አስነጠሰዎት?" አለ ምንይችል። "ሁለት ወር ጠብቀው፣ አያ፣ አስነጠሰዎት?"

"የባቄላ አበባ አይስማማኝም።"

"አበባው እኮ ከረገፈ ቆየ!"

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ማራኪ ገባ። ዳቦ ቤቱ ሲገቡ "ይማርዎት!" ይሏቸዋል። ረዳቱ ከሚኒባሱ በር አንገቱን አውጥቶ "ይማርዎት፣ ፋዘር!" ይላል። የሰፈሩ ሕፃናት ሲያዩዋቸው ያስነጥሳሉ። እትዬ ፋሲካ ብቻ አላሾፉም። ራት ሲያቀርቡ "ይኼም እንደ ንቡ ሆነ?" አሉና፣ መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

እንደ ንቡ አልሆነም። ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ ባቄላው እስኪታጨድ ድረስ፣ በየበዓሉና በየእሑዱ፣ ጋሼ ዓለምነው ከጧቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው በእትዬ እታገኘሁ ማሳ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ሽቶ ተቀብተው፣ በየገጹ ጮክ ብለው እየሳሉ፣ የተማሩትን ሁሉ ገልብጠው። በበዓል መቀመጥ ሥራ እንዳልሆነ አባ ወልደ ዮሐንስ ፈቅደዋል። ሰንበቴ ከደኑ ጫፍ ብቅ ትላለች፣ እግሯን ሁለት ጊዜ መሬት ትመታለች፣ ትመለሳለች። የቀረው ባቄላ በኅዳር ታጭዶ ተወቃ። እትዬ ፋሲካ ለሁዳዴ ከመንደሩ የተላከላቸውን የሽሮ እህል ሲቀበሉ አየሁ፤ አፍሰው በእጃቸው ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ ባላቸውን ጠርተው አሳዩዋቸው።

ይህን እንድጽፍ ሳስፈቅድ ጋሼ ስለ ነጠላውም፣ ስለ ፍየሉም፣ ስለ ጨረቃዎቹም ፈቀዱ። "ሰው ይሳቅ፣ ምን አለበት" አሉ። አንዲት ነገር ብቻ እንድተዋት ለመኑኝ፤ ምንይችል ከሰማ ሴትዮዋን ዕድሜ ልኳን አይምራትም፣ የእሱም ባቄላ ነበር የተበላው። እኔም የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬ፣ መንደሯን ደብቄ ሳበቃ መተው አቃተኝ።

በዚያች ማክሰኞ ማንም አላስነጠሰም። የጋሼ ዓለምነው ፍላጻ በቀጥታ ከሰንበቴ ትከሻ ኋላ ያነጣጠረ ነበር፤ እንደማይስት እኔም አይቻለሁ። ከጎኔ እትዬ እታገኘሁ ድንገት ከካቡ በላይ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው እያራገቡ፣ የራሳቸውን ባቄላ እየረገጡ ሮጡ፤ ድምፃቸውም እስከ ደኑ ተሰማ፦

"ሂጂ! ኧረ ሂጂ አንቺ፣ ዛሬ በዓል አይደለም!"