ወደ በረዶ አገር የሚወርድ ባና

ለሩቅ መንገድ ዕቃ የሚያሰናዳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱን ነቅሎ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላው እጁን አወናጭፎ ይወጣና በየደረሰበት ይለምናል። እኔ ከለማኞቹ ነኝ። በጣልያን ጊዜ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ደንበኛ ተሰናጂ ለመሆን ሞክሬ ነበር።

ያኔ ከአንኮበር አልዩ አምባ በቅሎ እየጫንኩ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ሳልደግም የተውኩት እግሬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። አልዩ አምባ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ነበር። ወታደር እንዳይመስልህ፤ ሥራው ጥንዚዛ እየያዘ፣ በመርፌ እየወጋ ሳጥን ውስጥ መደርደር ነው። አገሬው ሲኞር ጥንዚዛ ይለዋል። አንድ ቀን ቀንዳም ጥንዚዛ ሳመጣለት ደስ አለውና ምስጢሩን ነገረኝ። በግመል ወደ ባሕር ሊወርድ ነው፤ ከዚያ በመርከብ አንድ ዓመት ሙሉ ሊዞር ነው፤ መጀመሪያ የሙቀት ደሴቶች፣ መጨረሻ ላይ ምድሩ ሁሉ በረዶ የሆነ አገር። ሳጥኖቹን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ለሙቀቱም ለብርዱም የሚሆንህን አሰናድተህ ሰኞ ና፣ ዕቃህን አይቼ እወስናለሁ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሠራሁ አልልህም። አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ያለ ነው። ጠዋት ጉሙ ቆላውን ሲሞላው ባሕር ይሆንልኛል። ብቅ ብቅ ያሉት ኮረብቶች ደሴቶች ናቸው። በቅሎዎቼ ሣር ሲግጡ እኔ በረዶ ላይ እራመዳለሁ። የተነደፈ ጥጥ ነው የሚመስለው፤ ስትረግጠው ድምፅ የለውም። የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅህ ሰው የለም። እስኪ እንዲህ ያለ አገር አይናፍቅም?

ለእናቴ ስነግራት እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። በመርከብ ከሄደ ማን ተመለሰ አለችኝ። እውነቷን ነው። ጣልያን ስንቱን አስሮ በመርከብ ወስዶ የገባበት አልታወቀም። ከዚያ ተነሥታ የዓመት ኮሶ ቋጠረችልኝ። በሁለት ወር አንዴ፣ ስድስት ቋጠሮ። በረዶ አገር ኮሶ የሚያጠጣህ ማን አለ ብላ።

ባሕር ያዩ ሰው ልጠይቅ ብዬ ሐጂ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። መካ ደርሰው የመጡ የጨው ነጋዴ ናቸው። “ያ ልጅ፣ ባሕር ማለት እሳት ነው። ወላሂ፣ መርከቡ ላይ ሸሚዜ ከብዶኝ ነበር። በረዶ የሚልህ ሰው አብዷል” አሉኝ። ለማቅለሽለሹ ሎሚ ያዝ ብለው መከሩኝ።

አሁን አንተ በኔ ቦታ ሁን። ሽቅብ ስትወጣ ይበርዳል፣ ቁልቁል ስትወርድ ይሞቃል። ይኸን የኛ አገር አህያም ያውቀዋል። ባሕር ደግሞ ከሁሉም በታች ነው። እንግዲያው በረዶው ያለው ስንመለስ፣ ሽቅብ ስንወጣ ነው አልኩ።

ከአንኮበር ስትወርድ መንገዱ መሃል የእትዬ ሸዋዬ ቤት አለ። ወራጅ ሁሉ ባናውን፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ እሳቸው ዘንድ ጥሎ ይወርዳል። ሲመለስ እፍኝ ጨው ሰጥቶ፣ ደርቦ ወደ ደጋው ይወጣል። እኔም ሰኞ ጠዋት እንደ ወጉ ጥዬ ወረድኩ።

ሲኞር ጥንዚዛ ሳጥኔን ከፈተ። ሁለት ስስ እጀ ጠባብ፣ በሶ፣ ሎሚ። ኮሶውን አሽትቶ አስነጠሰው። የብርዱስ የታለ አለኝ። መንገድ ላይ ነው፣ ስንወጣ እናነሳዋለን አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከሎሚዬ አንዱን አነሳና፣ ዓለም ይኸ ነው፣ ወገቡ ሙቀት፣ ሁለቱ ጫፎች በረዶ አለኝ። ታዲያ ከታችኛው ጫፍ ውሃው አይፈስም ወይ ስለው ሎሚውን መለሰልኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግመሎቹ ይነሳሉ፤ ባናህን ይዘህ ከደረስክ ትሄዳለህ፣ ካልደረስክ ቀረህ አለኝ።

ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት።

“ባናዬን ይስጡኝ፣ እትዬ።”

“ዛሬ ቶሎ ተመለስክ። ወደ ቤት ነው?”

“ወደ ታች ነው።”

“ቁልቁል የሚወርድ ባና ምን ያደርግለታል?”

“እታች በረዶ አለ፣ በመርከብ ሲሄዱ።”

እትዬ ሸዋዬ ሊስቁ ጀምረው መርከብ ስል ተዉት። አግዳሚው ላይ የተሰቀሉትን ሦስት ባናዎች በእጃቸው ዳሰሱ። “የነዚህን ባለቤቶች መርከብ ነው የወሰዳቸው። በየሳምንቱ ፀሐይ አሰጣቸዋለሁ። እኔ ባና የማስቀምጠው ሰው እንዲመለስ ነው፣ ልጄ። ይዘኸው ከወረድክ ምን ይመልስሃል? ወደ እናትህ የምትወጣ ከሆነ እንካ፤ ቁልቁል ግን ከኔ ቤት ባና አይወርድም” አሉኝ።

ስንቱን ኬላ ጠባቂ ያታለልኩ ሰው ነኝ። እሺ፣ ወደ ቤት ነው አልኩና ተቀበልኩ። በራቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። መታጠፊያውን አልፌ፣ እስኪገቡ ልጠብቅና ዞሬ ልወርድ፣ ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጉሙ ከታች መጣ። ብርድ ብርድ ሲለኝ ባናዬን እስከ አፍንጫዬ ደረብኩት። ይኸውልህ፣ መርከቡ ተነሳ። ደሴቶቹን አለፍን። በረዶው ላይ ወረድኩ፣ ዝም ያለ ነጭ አገር፤ ሲኞሩ ነጭ ጥንዚዛ ያሳየኛል።

ስነቃ ፀሐይዋ ጠልቃለች። የግመሎቹ ደወል ከሩቅ፣ ከቆላው ውስጥ፣ እየሳሳ ይሰማል።

እናቴ ስታየኝ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። ልጄ ጣልያኑን እምቢ አለው፣ ለጠላት አላድርም አለው ብላ አወራች። ጣልያን ሲወጣ ጊዜ እኔም ከጀግኖቹ ተርታ ተቆጠርኩ። ዛሬም ድረስ በየድግሱ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጡኛል። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ብዬ የስንቱን ድግስ ላበላሽ?