ሲስተር ሊሻን እና የእኛ ቁም ሳጥን

የሰው ቁም ሳጥን ሲያዩ እጃቸውን የሚበላቸው ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ሌላው ሰፈር ሁለት ሦስት ይኖሩት ይሆናል፤ ሆሳዕና እኛ ሰፈር ያሉት አንድ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ይበቃሉ። ክብርት ሲስተር ሊሻን ይባላሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ ድሮ በሽተኛ ይዞሩ ነበር፣ አሁን ጎረቤት ይዞራሉ። ሰላምታው ሳያልቅ መኝታ ቤት ገብተዋል።

"እስቲ ክፈተው፣ ምን እንደሚያመው እንየው" ይላሉ። የሚያመው ቁም ሳጥኑ ነው።

በሩ ከጮኸ ማጠፊያው ዘይት ይቀባል። ልብሱ ሻጋታ ከሸተተ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው፤ በዝናብ ወራት ግድግዳችን ያልበዋል። "አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርገው፣ እሱም ይተንፍስ።" ሹራብ ይታጠፋል እንጂ አይሰቀልም። ብርድ ልብስ ቦታው ታች ነው። በደንብ ያልደረቀ ልብስ ማስገባት ግን ይቅርታ የለውም። አንድ ጊዜ የሰፈራችንን ዳኛ "ካልሲህን እንዲህ አድርገህ ነው ሰው ላይ የምትፈርደው?" ብለዋቸዋል። ዳኛው ያን ቀን ካልሲ ሲያጣምሩ ዋሉ።

ባለፈው ግንቦት ባለቤቴ ገነቴ እናቷን ልታስታምም አንጋጫ ሄደች። እኔና የአራት ዓመቷ ልጃችን ሊያ ቀረን። ሲስተር በማግስቱ መጡ። ቁም ሳጥናችን አናት ላይ መጽሐፍ የታጨቀባቸው ሁለት ሻንጣዎች ነበሩ።

"አንተ አስተማሪ አይደለህ? ከባድ ነገር ታች እንደሚቀመጥ ለልጆቹ አትነግራቸውም?"

"እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው ሲስተር" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይሄም ታሪክ ሆኖ እንዳይቀር" አሉና ሻንጣዎቹን አስወረዱኝ። ወለሉ ወደ ፊት ስለሚያዘቀዝቅ ከቁም ሳጥኑ የፊት እግሮች ስር ካርቶን አጥፈው ከተቱ። ከግድግዳው ጋር በብረት ይታሰር ብለውም አዘዙ። እሺ አልኩ። ከግቢው እንደወጡ ሻንጣዎቹን መልሼ አናቱ ላይ ጫንኩ። በገዛ ቤቴ ማን ያዘኛል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሎን ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ከመኝታ ቤት የእንጨት ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ስደርስ ሊያ የታችኞቹን መሳቢያዎች ስባ እንደ ደረጃ ወጥታባቸዋለች፤ ቁም ሳጥኑ ወደ እሷ እየመጣ ነው። በትከሻዬ ደገፍኩት። አንዱ ሻንጣ አጠገቧ ወደቀ። እሷን ላንሳ ብል ሳጥኑ ይወርዳል፤ ሳጥኑን ይዤ ብቆም እሷ ከስሩ ናት። ጉልበቴም እያለቀ ነበር። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ሲስተርን ተጣራሁ።

በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው ደረሱ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። "አንተ እንዳትነቃነቅ። ሊያዬ፣ ነይ ወደ እኔ።" በብብቷ ይዘው አወጧት። ከዚያ እሳቸውም ትከሻቸውን ሰጡና ተጋግዘን ገፋነው፤ ቆመ።

ወቀሳቸውን ጠበቅሁ። የወደቀውን ሻንጣ አዩትና በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት። የልጅቷን እጅና እግር አንድ በአንድ መረመሩ። ለእኔም ስኳር የበዛበት ሻይ አፍልተው ሰጡኝ።

"ሆመቾ አካባቢ ስሠራ አንድ ልጅ አመጡልኝ" አሉ ቆይተው። "ሦስት ዓመቱ ነበር። ቁም ሳጥን ነው የወደቀበት። ላተርፈው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሰው ቤት ትፈትሻለች ይሉኛል፤ ይበሉ።"

ስንት ዓመት እንደሳቅሁባቸው ብቻ አሰብኩ።

ከሰዓት አናጢው ነስሩ መጥቶ ቁም ሳጥኑን በሁለት ብረት ከግድግዳው ጋር አሰረው። ሲስተር አጠገቡ ቆመው እያንዳንዱን ብሎን ሁለት ሁለት ጊዜ አስጠበቁት።

ገነቴ ስትመለስ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳት። ሊያን አቅፋ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄደችና ብረቶቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጋ አየች። በማግስቱ የቤታችንን ቁልፍ ኮፒ አስቀርጸን ለሲስተር ወሰድንላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ምን አደከማችሁ" አሉ። "እኔን መቼ በር ከልክሎኝ ያውቃል?"

ቁልፉን ግን አልመለሱልንም። በነጠላቸው ጫፍ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት።