ሐዲድ በሌለበት ከተማ የባቡር ክርክር

ሰው በማያገባው ነገር ሲከራከር እንዴት እንደሚያምርበት አይታችኋል? ስለ ራሱ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ሁለት ቃል የማይወጣው፣ ስለ ሩቅ አገር ድልድይ ሲሆን ምሳውን ረስቶ ይሟገታል። ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አባቶች። በዚህ ለቀማ እኛን የአርባ ምንጭ ሰዎችን የሚበልጠን ያለ አይመስለኝም። ባቡር በአጠገባችን አልፎ አያውቅም፤ በአባያም በጫሞም ዳር ሐዲድ የሚባል ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ክረምት በባቡር ምክንያት ሁለት አያቶች ተኳርፈውብናል።

አንደኛው ጋሽ አበራ ናቸው። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አሮጌው መስመር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ያገባች ልጃቸውን ተከትለው መጡ። ሁለተኛው ጋሽ ዳና፣ የልጅቱ ባል አባት፣ የጫሞን አሳ እያመጡ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን የሚሸጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ሴት ልጅ ወልደው የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ እየተቃረበ ነበር። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ጥፋቱም ከእኔ ይጀምራል። አሮጌው መስመር ተጠግኖ ይከፈት የሚል ወሬ በሬዲዮ ሰምቼ፣ አፌ አላርፍ ብሎ አወራሁላቸው።

ጋሽ አበራ ወዲያው ቀና አሉ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ከተሞቹን ከሩቅ እያየ ነው የሚያልፈው፣ የድሮው ግን ገበያ መሃል ይገባ ነበር፣ ሽንኩርትና ቲማቲሟን ይዛ የምትሳፈረው ሴትዮ ዛሬ በምን ትሂድ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዳና ደግሞ፣ አዲሱ እየሄደ አሮጌውን መጠገን የበሰበሰ ጀልባ ሲደፍኑ መክረም ነው፣ ከዚያ ይልቅ የሐይቁ ዳር መንገድ ቢጠገን አሳው ሳይበላሽ ይደርሳል አሉ። እስከዚህ ጨዋ ክርክር ነበር። ኋላ ግን ጋሽ ዳና እየሳቁ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለው ተረቱ። ተረቱ ታማኝን ለማመስገንም ይሆናል፤ ችግሩ ውስጡ ውሻ አለበት። ጋሽ አበራ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

በማግስቱ፣ ያ ሰውዬ ካለ ክርስትናው ላይ አልገኝም የሚል መልእክት ላኩ። ልጃቸው በአራስ ቤቷ አለቀሰች። አስቡት እስቲ፣ ሕፃኗ ገና ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ አይታው በማታውቀው ባቡር ሰበብ አንድ አያት ሊጎድልባት ነው።

አገሩ ጋሞ ነውና ለዕርቅ እርጥብ ሳር ተያዘ። ከዶርዜ የወረዱት ሽማግሌ፣ ሸማኔው አባባ ቶራ፣ ሳሩን በሁለቱ መሃል አኑረው፣ እንደ አገሩ ደንብ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ትንፍሽ እንዳይል አዘዙ። ጋሽ ዳና ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። የጋሽ አበራ ተራ ደረሰ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳሩ አጠገብ አኖሩ።

«መስመሩ አያስፈልግም ከተባለ፣» አሉ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?»

አፈርኩ። እኛ ስለ ሐዲድ የምንከራከር መስሎን የሰውየውን ዕድሜ ስንረግጥ ኖረናል ለካ። ጋሽ ዳና ተነሥተው አቅፈው ሳሟቸው፤ አባባ ቶራም መረቁን።

ክርስትናው ደረሰ። ሁለቱ አያቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወጣት መሐንዲስ ነው፣ አሮጌውን መስመር መክፈት ከንቱ ልፋት ነው ቢል፣ ጋሽ ዳና ያነሡትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው ተነሡበት። ሽንኩርት የያዘችው ሴትዮ በምን ትሂድ፣ ገበያ መሃል የሚገባ ባቡር አይተህ ታውቃለህ እያሉ አፋጠጡት። እሳቸው ራሳቸው ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ጋሽ አበራ በፍቅር ሲያዳምጧቸው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጁ እውነቱን ነው። ሐዲዱም ድልድዩም አልቋል፤ ቢከፈትም አያዋጣም። ጡረታ ሳልወጣም አውቀው ነበር። ለዳና ግን እንዳትነግርብኝ።»

አልነገርኩም። እናንተም ለአሳ ሲቀላ ብትወርዱ፣ አደራ።