በረኪናውና የሰለጠነው አባት

እናንተዬ፣ ስልጠና ያልወሰደ ሰው አሁንም ይገኛል? እኔ እንኳ ወስጃለሁ። ያውም በሕፃናት ጤናና ደህንነት! ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ። አለቃችን ማን ይሂድ ሲሉ፣ የትንሽ ልጅ አባት ነኝ ብዬ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለምሳው ብዬ አይደለም። ሳቃችሁን ያዙልኝ።

አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር፤ አይካድም። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የድንች ተባይ መድኃኒት በውሃ ሃይላንድ አታስቀምጡ፤ ሕፃን የሚያውቀው ሃይላንዱን እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም አለን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔማ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ስልጠናው እንዳለቀ ምን ሆነ? ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን ባዶ ሃይላንዶች ለመሰብሰብ ግፊያ ሆነ። ባዶ ሃይላንድ አይቶ የሚያልፍ ሰው በእኛ አገር ገና አልተወለደም። አንድ አንጋፋ ርዕሰ መምህር በክርናቸው ገፍተውኝ ሦስት ወሰዱ። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ አምስቱን ከተሰጠን በራሪ ወረቀትና ቲሸርት ጋር ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ጋሪ ላይ ወጣሁ። አንዱ ክዳን አልነበረውም። ታዲያ ተውኩት? አልተውኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ትርንጎ ልብስ ልታጥብ ስትነሳ የበረኪናው ጀሪካን ሲያፈስ ተገኘ። ለዘዴ ማን ብሎኝ! ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥኩት። በእጄ የገባው ደግሞ ያ ክዳን የሌለው ነው። አፉን በምን ወተፍኩት ትላላችሁ? በበራሪ ወረቀቷ። ወፍራም፣ ጥሩ ወረቀት ነበረች፤ የሚስቅ ሕፃን ፎቶም አለባት። ትርንጎ ኧረ ልጁ ብትለኝ፣ እኔ እኮ ሰልጥኛለሁ አልኳት። ይህን ስል ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

ልጃችን ብሩክ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። የሚስቀውን ሕፃን አየው፤ ሳበው። ሃይላንድ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ያውቃል፤ ጠጣ። ጩኸቱን ስሰማ ሮጬ አነሳሁት። አፉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ልጄ ሞተብኝ አልኩ።

ምን ላድርግ? ተምሬዋለሁ እኮ! ግን ይህኛው ትምህርት የተሰጠው ከምሳ በኋላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥብስ ከበላሁ እንቅልፍ ይጥለኛል። ወረቀቷን ከመሬት አነሳሁ። “ሕፃኑ መርዛማ ነገር ከጠጣ ወዲያውኑ” ይላል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። በረኪናው ቀለሙን አጥቦታል። ላስመልሰው ብዬ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ልከት ስል ጎረቤታችን እማማ የሺ በአዊኛ እየጮኹ ደረሱ። እጄን መቱኝ።

“ተው አንተ! እንዳታስመልሰው! አፉን በውሃ አጥብና ወደ ሐኪም ሩጥ!” አሉኝ።

እማማ የሺ ፊደል አልቆጠሩም። ሬዲዮ ግን ያዳምጣሉ፤ ሲያዳምጡ ደግሞ አይተኙም።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ቀምሶ ተፍቶት ኖሯል። ነርሷ ለሰዓታት አቆይታ አየችውና፣ ከከንፈሩ ማበጥ በቀር ደህና ነው አለችን። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች። እናት ሆነሽ እንዴት በረኪና በሃይላንድ ታስቀምጫለሽ ብላ ወረደችባት። ለካ እኔ በጥድፊያ ያጠለቅኩት የስልጠናውን ቲሸርት ነው፤ ደረቴ ላይ “ሕፃናትን ከአደጋ እንጠብቅ” ይላል። ይኸው አባትየው ሰልጥኗል፣ ከእሱ ተማሪ አለቻት። እኔስ እውነቱን ተናገርኩ? ምን በወጣኝ! ጭራሽ ለነርሷ ራሴን ነቀነቅሁላት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ቲሸርቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትርንጎ ቤት እንደገባች ልጁን አዝላ ሥራ ጀመረች። በረኪናውን ደፋች። ክብሪቱን፣ ቢላውን፣ መድኃኒቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ልጁ የማይደርስበት የቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣች። ስትጨርስ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“አሁን አንተን የት ላስቀምጥህ?” አለችኝ።