ከቢቸና ሞጣ በአየር

መቼም ሰው እግር ተሰጥቶት ክንፍ የሚያምረው ፍጡር ነው። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ፊኛ ላይ ቅርጫት አንጠልጥለው ወጡ። አልበቃቸውም። ብስክሌት ላይ ክንፍ ቀጠሉ፣ ወንበር ላይ ፊኛ አሰሩ፣ የሸራ ክንፍ ይዘው ከተራራ ዘለሉ። የት ሊሄዱ ነው? የትም፤ ለመዝናናት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው አንገቱን ለጨዋታ ብሎ አይሰብርም፤ ጉዳይ ሲኖረው ነው። የዚህን ታሪክ የቢቸናውን ምዕራፍ እኔ ካላወጋኋችሁ ማንም አያወጋችሁም። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኛ!

በደርግ ጊዜ ነው። ቢቸና የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ እጽፋለሁ፣ ሊቀመንበሩ ይፈርማሉ፣ ማህተም ይመታል። ያለዚያ ሌላ አውራጃ ያለች አክስትህ ብትሞት እንኳ ቢቸና ሆነህ ነው የምታለቅሰው።

ታፈሰ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ የሐረር ልጅ ነው። እጮኛው አስካለ የሞጣ ልጅ ናት፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደብዳቤ ላከችለት። አባቷ ለሌላ ሰው ሊድሯት ነው፤ ከመስቀል በፊት መጥቶ ሽማግሌ ካልላከ አለቀለት። ታፈሰ ይለፍ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ሳያልቅ መምህር ከአውራጃው አይወጣም አሉት። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመው አሉት። በሦስተኛው ሲመጣ አፍሬ፣ የሚፈለግ ነገር ያለ ይመስል መሳቢያዬ ውስጥ አጎነበስኩ።

በዚህ መሀል የአብዮት በዓል ደረሰ። ሊቀመንበሩ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለውን መፈክር በትልቁ አስጽፈዋል፤ ከመፈክሩ ሥር የሚያሳዩት ነገር ግን የላቸውም። ታፈሰ ገባና ክንፍ ባላት ብስክሌት ሕዝቡ ፊት ልብረር አላቸው። ደስታቸው ወሰን አጣ። ነፋስስ ተፈጥሮ አይደለም እንዴ?

ቀርከሃ አመጣ። ያረጀ የድንኳን ሸራ ልብስ ሰፊው ጋ አሰፋ። ሁሉንም በጠፍር ከብስክሌቱ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ተው አልኩት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ ብዬ ተረትኩበት።

«ገደሉንም አይቼዋለሁ፤ ለክቼዋለሁ» አለኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ሊቀመንበሩን አንድ ነገር ከነከናቸው። ነፋሱ ሰውየውን ይዞት ከአውራጃው ቢወጣስ? ያለ ይለፍ ወጣ ቢባል ማን ሊጠየቅ ነው? እንግዲያው ጻፍለት አሉኝ፤ በአየር የሚጓዝ መሆኑንም ጥቀስ። ወደየት ብዬ ልጻፍ አልኩ። ታፈሰ ደጅ ወጣ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ቀሰረ፣ ትንሽ አሰበ።

«ወደ ሞጣ ነው የሚነፍሰው» አለ።

ሊቀመንበሩ ፈረሙ። እኔ ማህተሙን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ምናልባት ቢደበዝዝ ብዬ ነው።

በማግስቱ ሕዝቡ ኮረብታው ሥር ተሰበሰበ። ከኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ። ቁልቁል ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ እመኑኝ፣ ጎማው ከመሬት ተነሳ። ከፍታው የአጥር ያህል ቢሆን ነው። ሃያ እርምጃ ያህል በአየር ሄደ። እልልታው ቀለጠ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። ከዚያ ነፋሱ ተወውና ከነብስክሌቱ የመሪጌታ ባቄላ ማሳ ውስጥ ጣለው። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ታፈሰ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ አላቸው።

«ግድ የለም ልጄ» አሉት። «ባቄላዬ ላይ ከሚያርፉት ወፎች ሁሉ ይቅርታ የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ክንፉ ተሰባብሯል። ጉልበቱ ተልጧል። የይለፍ ወረቀቱ ግን ኪሱ ውስጥ ደህና ነው፤ አሥራ አምስት ቀን ያገለግላል። በማግስቱ ጠዋት እያነከሰ የደብረ ወርቅን መንገድ ያዘና ወደ ሞጣ በእግሩ ገሰገሰ። ኋላ እንደነገረኝ፣ የሞጣ ኬላ ጠባቂ ወረቀቱን አነበበ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ዝቅ ብሎ ጭቃ የያዘውን የታፈሰን ጫማ አየ። በምን መጣህ አለው። የተጻፈው በአየር ነው አለ ታፈሰ። ታዲያ የበረርክበት የት አለ? ባቄላ ውስጥ አርፏል። ጠባቂው ማህተሙን ደጋግሞ አየ። እንከን የለውም። እሱም የራሱን መታበትና አሳለፈው።

ሽማግሌ በጊዜው ተላከ፤ አስካለም ለታፈሰ ሆነች። ወረቀቱ ወደኛ ሲመለስ ሊቀመንበሩ በክብር ፋይል ውስጥ አስቀመጡት። ከቢቸና በአየር ተነሳ፤ ሞጣ በሰላም ደረሰ። ሁለቱም እውነት ነው። መካከሉን ማን ጠየቀ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ታፈሰ ግን እግሩን ለማስፈቀድ መጀመሪያ መብረር ነበረበት።

ከመስቀል ማግስት ቢሮ ልከፍት ስሄድ አራት መምህራንና አንድ የእርሻ ባለሙያ ቀርከሃ ተሸክመው በሩ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ገብቼ ማህተሙን አወጣሁ። ሁሉም ጣታቸውን አርሰው ነፋሱን ለክተው ነው የመጡት። የአንዱ ወደ ጎንደር ይነፍሳል፣ የአንዱ ወደ ወለጋ። የእርሻ ባለሙያው ደግሞ እናቱ ታማበታለች፤ የሱ ነፋስ ደሴ ሳይደርስ አይቆምም።