እሾህነሽ ሺ ኮቴ የወረደች ጊዜ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቁም፣ ጭራ ያለው ጭራውን ይሰብስብ።

በድሮ ዘመን፣ ጭጋግ አምባ በሚባል ብርዳም ተራራ ላይ እሾህነሽ የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጇ ስንዱ ደግሞ አግብታ ወደ ሺ ኮቴ ወርዳባታለች። ሺ ኮቴ ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ማዶ፣ በሰፊ ሐይቅ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከየበረሃው፣ ከየጫካው፣ ከየረግረጉ የመጣ እንስሳ ሁሉ እዚያ ስለሚኖር ነው ስሟ ሺ ኮቴ የተባለው።

የጭጋግ አምባ እንስሳት ሺ ኮቴን አብጠርጥረው ያውቋት ነበር። ሄዶ ያያት ግን አንድም አልነበረም።

"እዚያ ከተማ ቀንድህን ራስህ ላይ እንዳለ ይሸጡብሃል" ይላል ድኩላው።

"መንገድ የጠየቀ እንግዳ ዳግመኛ አይታይም" ትላለች ቆቅ።

የዚህ ሁሉ ወሬ ምንጭ ጥንብ አንሳው አቶ ከበበ ነበር። አቶ ከበበ ጠዋት ተነስቶ እስከ ሺ ኮቴ ሰማይ ይበርና፣ ከደመናው ሥር ሲዞር ውሎ፣ ወደ ማታ ኮሶው ዛፍ ላይ አርፎ ያየውን ይናገራል። በሬ ሞቶ ያያል፣ ውሻ ሞቶ ያያል፣ አህያ ስታጣጥር ያያል። እንስሳቱ ኮሶው ሥር ተሰብስበው እየተንቀጠቀጡ ያዳምጡታል፤ ሲያበቃም "እስቲ ያቺን የአህያዋን ድገማት" ይሉታል።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና ቁልቁል በሚያወርደው ብቸኛ መንገድ ላይ ትልቅ ዝግባ ወድቆ ዘጋው። ጎሹ "ፍቀዱልኝና ገፍቼ ላንሳው" አለ። ሊቀ መንበሩ ጭላዳ ግን ደረቱን ነፍቶ "ይህ በጥናት መታየት ያለበት ጉዳይ ነው" አለ። ከሺ ኮቴ እንዲጠብቀን ፈጣሪ ራሱ የጣለው ዛፍ ነው የሚሉም ነበሩ። ጉባኤው ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። ዝግባው እዚያው ተጋድሞ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ርግብ ከሺ ኮቴ ለእሾህነሽ መልእክት ይዛ መጣች። "እማ፣ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ስሙን የምታወጪለት አንቺ ነሽ። እስክትመጪ ድረስ ልጁ ያለ ስም ይቆያል" ይላል መልእክቱ።

እሾህነሽ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ስንዱን ካየች ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ስትጠራት "ዘንድሮ እግሬን አሞኛል"፣ "ዘንድሮ ጉድጓዴ ፈርሷል" እያለች ስትመልስ ኖራለች። አሁን ግን ስም የሌለው ሕፃን ዓይኗ ላይ እየመጣ አስቸገራት። ተነስታ ወደ ጉባኤው ሄደችና "እኔ ልሄድ ነው" አለች።

አቶ ከበበ ከኮሶው ላይ ሆኖ በሐዘን ተመለከታት። "ምርጫው ያንቺ ነው፣ እሾህዬ። እዚያ ስትሞቺ ከላይ አይቼ ለዘመድ እናገርልሻለሁ" አላት።

"ሄደው ሲመለሱ የደረሰብዎትን ሁሉ ለጉባኤው ይናገራሉ" አለ ጭላዳው። "ዝግባው ይነሳ ወይስ ይቅር የሚለውን በእርስዎ ቃል እንወስናለን።"

ጎረቤት ሁሉ ምክር ሊሰጣት መጣ። እሾህሽን አቁመሽ ሂጂ፣ ሰላም ካሉሽ አትመልሺ፣ ከሳቁልሽ ሩጪ አሏት። እሾህነሽም ለልጇ ትንሽ የተራራ ሥራሥር ቋጥራ፣ ዝግባው ሥር ቆፍራ ሾለከችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ መጀመሪያ የተቀበላት ጩኸቱ ነው። ዝይዎች ከአሳማዎች ጋር በዋጋ ይከራከራሉ፤ አህዮች "ዞር በሉ፣ ጭነት ነው" እያሉ ሕዝቡን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ፍየሎች የተጠበሰ በቆሎ አቅርበው በአንድ አፍ ይሸጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይሳደባሉ። እሾህነሽ እሾኋን ከራሷ እስከ ጭራዋ አቁማ፣ ማንንም ሳታይ፣ ስንዱ ወደምትኖርበት ደሴት ወደሚያሻግረው ጉማሬ ሄደች።

ጉማሬው ግማሽ አካሉን ውሃ ውስጥ አድርጎ ያንቀላፋል። ጀርባው ላይ ረዳቱ ጉሬዛ ቆማ ትጣራለች። "ደሴት፣ ደሴት፣ አንድ ጭራ ብቻ የቀረው።"

እሾህነሽ ስትወጣ ለዝንብ እንኳ ቦታ አልነበረም። ከእሷ በኋላም አንድ ጭራ እየተባለ ብዙ ተሳፈረ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሁላችንም ቸኩለናል" ትላለች ጉሬዛዋ።

ሁሉም ተጠጋ። ያን ጊዜ አንድ ሰፊና ሙቅ ነገር ከኋላ መጥቶ እሾህነሽን ተደገፋት። "ይኸው ጀመሩኝ" አለች በልቧ፤ እሾኋንም ባላት ኃይል ሁሉ ወደ ኋላ ወረወረችው።

የተደገፋት ጎሽሜ የሚባል ጎልማሳ ከርከሮ ነበር። ወደ ላይ ዘሎ፣ ተመልሶ ሲወርድ ሦስት ዳክዬዎች ውሃ ውስጥ ገቡ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። ጉማሬው እንኳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። እሾህነሽ የራሷን ዓይን ጨፍና መጨረሻዋን ጠበቀች። አሁን ይቦጫጭቁኛል፣ አቶ ከበበም ለዘመድ ይናገራል ብላ አሰበች።

የሰማችው ግን ሳቅ ነው።

"ጎሽሜ፣ ሁልጊዜ የምትጎሽመው አንተ ነበርክ፤ ዛሬ ጎሻሚ አገኘህ" አለች ጉሬዛዋ።

ከርከሮው መቀመጫውን በእግሩ ይዞ ወደ ጃርቷ ዞረ። "እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከጭጋግ አምባ።"

ይህን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ቅድም ለዝንብ ቦታ ያልነበረው ጀርባ ላይ፣ በእሾህነሽ ዙሪያ ሰፊ ሜዳ ተከፈተ።

"ጭጋግ አምባዎች ጭጋጉ ውስጥ ተደብቀው እንግዳ ይወጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ከውሃ የወጣች አንዲት ዳክዬ፣ ክንፏን እያራገፈች።

"እኔም ሰምቼ አላመንኩም ነበር" አለ ጎሽሜ። "አሁን ግን ማስረጃው መቀመጫዬ ላይ ተሰክቷል።"

እሾህነሽ ተቆጣች። "ማነው እንዲህ ብሎ የሚያወራው? ከመካከላችሁ ጭጋግ አምባን ያየ አለ? በዓይኑ ያየ?"

ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያየ አልነበረም። እሾህነሽ ተጨማሪ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ጎረቤቶቿ ትዝ አሏትና መልሳ ዘጋችው። ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ጋላት።

"በሉ እማማ፣ የተከሉትን ይንቀሉልኝ" አለ ከርከሮው ጀርባውን ሰጥቶ። እሷም በጥርሷ እየነቀለች፣ በየእሾሁ "ይቅር በለኝ ልጄ" እያለች ጨረሰች። ደሴቱ ላይ ሲወርዱ ጎሽሜ ቋጠሮዋን ተቀብሏት ፊት ፊት ሄደ። "ብቻዎን ከለቀቅኩዎ ከተማውን ይጨርሱታል" አላት።

ስንዱ የምትኖረው በአንድ ትልቅ ሾላ ሥሮች መካከል ነው። ከላይ አሞሮች፣ ከጎን ሽኮኮዎች፣ ከታች የእንቁራሪት ቤተሰብ ይኖራሉ። ስንዱ እናቷን ስታይ እልል አለች። ከዚያ ሕፃኑን አነሳች። ገና ለስላሳ እሾህ ያለው፣ ጭብጥ የሚያህል ፍጥረት ነው።

እሾህነሽ ልታቅፈው እጇን ዘረጋች።

"እማ፣ መጀመሪያ እሾህሽን አስተኚ" አለች ስንዱ።

እሾህነሽ ሞከረች። ከተራራው ጀምሮ አቁማው ስለመጣች እምቢ አላት። ደረቷን ቀጥ አድርጋ ተነፈሰች፤ ትንሽ ተኛ። ጎሽሜ ራቅ ብሎ ቆሞ "ቀስ ብለው፣ አይቸኩሉ" ይላታል። በመጨረሻ ጀርባዋ ሁሉ ለስልሶ ተኛ፤ ሕፃኑም ደረቷ ላይ ገብቶ አዛጋ።

"እስከ ዛሬ ለምን አልመጣሽም?" አለች ስንዱ ቀስ ብላ።

"ፈርቼ።"

"እኔ ደግሞ ያፈርሽብኝ ነበር የመሰለኝ።"

እሾህነሽ ሕፃኑን ቁልቁል አየችና "ስሙ አይፈራ ይሁን" አለች።

የስም ማውጣቱ ድግስ በማግስቱ ሆነ። ማንም አልተጠራም፤ ሁሉም መጣ። እንቁራሪቶቹ ከታች ዘፈኑ፣ ፌንጣዎች ክራር መቱ፣ ሽኮኮዎች እስክስታ ወረዱ። ጎሽሜ ሚስቱን ይዞ መጥቶ ቁስሉን ለእንግዳው ሁሉ በኩራት አሳየ። ጉማሬውም ከሐይቁ ወጥቶ ሾላው ሥር ልግባ ብሎ ሲጨናነቅ፣ ጉሬዛዋ "ጠጋ ጠጋ በሉለት" አለች።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ዝናብ በጣለ ቁጥር መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ሙቀቱ እሾህነሽን ይጥላታል። እንግዳ መሆኗን ያየ ሻጭ ዋጋውን እስከ ሰማይ ይሰቅልባታል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቁራ በቆሎዋን ነጥቋት በረረ፤ ሻጯ ፍየል ሌላ በቆሎ ሰጥታት፣ ቁራውን በስሙ ጠርታ እስከ አያቱ ድረስ ሰደበችው። እሾህነሽም ዋጋ መከራከር ተማረች። ስትከራከር መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ በኋላ ግን ምንም የማትገዛ ቀን እንኳ ለመከራከር ብላ ገበያ ትወጣለች።

ጉባኤው ቃሏን እየጠበቀ ነበርና ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ጭጋግ አምባ ተመለሰች። በሕይወት መምጣቷን ሲያዩ እንስሳቱ ደስ አላቸው፤ ትንሽም ቅር አላቸው። ጉባኤው ኮሶው ሥር ተሰበሰበ።

"ወይዘሮ እሾህነሽ፣ ምን ተዘረፉ?" አለ ጭላዳው።

"አንድ በቆሎ ተነጠቅኩ። ወዲያው ግን ሻጯ ሌላ..."

"ዝርፊያ አለ፤ ልብ በሉልኝ" አለ ጭላዳው ወደ ጉባኤው ዞሮ። "ደምስ ፈሷል?"

"ትንሽ ፈሷል። ያፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ጨዋ ከርከሮ ወጋሁና..."

ጉባኤው አጉረመረመ። አቶ ከበበ ክንፉን ዘርግቶ "አላልኳችሁም?" አለ።

"የወጋሁት እኮ እኔ ነኝ" አለች እሾህነሽ።

"የሚያሳዝነውም ይኸው ነው" አለ ጭላዳው። "ሰላማዊቷ ጃርታችን ሄዳ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገደኛ የምትወጋ ሆና መጣች። ከተማው የሚያደርገው እንዲህ ነው።"

እሾህነሽ ስለ ድግሱ፣ ስለ እንቁራሪቶቹ ዘፈን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁ መዳብ ስለመምሰሉ ነገረቻቸው። ጭላዳው አዛጋ። ድኩላው "እሺ፣ ቀንድ ሲሸጥ አላየሽም?" አላት። አላየሁም ስትል "እንግዲያው የሄድሽው ሌላ ከተማ ይሆናል" አለ።

"የተጸጸትሽበት ነገርስ የለም?" አለች ቆቅ ተስፋ ሳትቆርጥ።

"አለ። ቶሎ አለመሄዴ።"

ድምፅ ተሰጠ። ዝግባው ባለበት ይቆይ ተባለ። ሁሉም እግሩን፣ ክንፉን፣ ኮቴውን አነሳ። ጎሹም ኮቴውን አነሳ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። እሾህነሽ ወደ ጉድጓዷ ሄዳ ዕቃዋን ቋጠረች።

ጎህ ሲቀድ ዝግባው ሥር ልትሾልክ ስትመጣ ዝግባው የለም። ገደል ውስጥ ተጥሏል። ጎሹ ቀንዱ ላይ የዛፍ ሙጫ እንደተለጠፈ ቆሞ ወዲያ ማዶ ያያል። ድኩላው ከቁጥቋጦ ጀርባ ብቅ አለ፤ ቆቅ ልጆቿን አስከትላ መጣች። ከሁሉም ኋላ ሊቀ መንበሩ ጭላዳ፣ የደረቱን ጠጉር አበጥሮ ቆሟል።

"እኔ እንኳ የምሄደው ለልምድ ልውውጥ ነው" አለ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ወደ እሾህነሽ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እነዚያ እንቁራሪቶች መዝፈን የሚጀምሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

እሾህነሽ ሳቀች። እሾኋን አስተኝታ ፊት ፊት መራቻቸው።

አቶ ከበበ በላያቸው እያንዣበበ ተከተላቸው። "ጉዳችሁ ነው" አለ ከላይ። "እዚያ ሞት እንጂ ሌላ የለም። ስንት ዓመት በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።"

እሾህነሽ ቆማ ቀና አለች። "አንድ ቀን እንኳ ወርደው ያውቃሉ?"

"ለምን እወርዳለሁ? ከላይ ሁሉም ይታየኛል።"

"አቶ ከበበ" አለች እሾህነሽ፣ "እርስዎ ከላይ ሆነው ያዩት ከተማውን አይደለም፤ ምሳዎን ነው።"