በሎሪ በር ላይ የተከበበችው መተማ

ለቅሶ ይሁን ሠርግ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ እሱ ሳይወለድ ያለቀ ጦርነት ገና ያላለቀለት አንድ ሰው አይጠፋም። ስለ በሬ ብታወሩ መድፍ የጎተተ በሬ ያመጣባችኋል። ስለ ዝናብ ብታነሡ ባሩድ ያራሰ ዝናብ አለው። ራሴን አመመኝ ብትሉት እንኳ፣ ጥይት ግንባሩን ጨርፎት እስኪመሽ ሲታኮስ የዋለ ዘመድ አያጣም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አጥር ተጋርቶ መኖር ከጾም ከጸሎት የማይተናነስ ጽድቅ ነው።

የሺመቤት ይህን ጽድቅ ስትሠራ ከረመች። ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ ቦታው ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ከተማ ወዲህ ያለ የስደተኞች መጠለያ። የእሷን ጎጆ ከክቡር ፊታውራሪ ጋረደው ጎጆ የሚለየው አንድ የአገዳ አጥር ብቻ ነበር።

ፊታውራሪነቱን ማንም አልሾማቸው። ሰዉ እየሳቀ ጠራቸው፣ እሳቸው ሳይስቁ ተቀበሉ፣ በዚያው ጸና። የጭልጋ ሰው ናቸው። ሥጋቸው እንደ ሁሉም ሰው አልቋል፤ ድምፃቸውን ግን ረሃብ አልነካውም። የውሃ ወረፋ ሲያዝ ዳር ቆመው ያዛሉ፦ «ግራ ክንፉ ሳስቷል! እንስራዎቹ ወደ መሐል!» የሰው ጎጆ ንፋስ ሲጥለው፣ ባለቤቱን ከማጽናናታቸው በፊት «ደጀን ሳታበጅ ትተኛለህ?» ብለው ይገሥጹታል። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏቸው ወደ ገዳሪፍ በሎሪ ሲወሰዱ፣ መንገድ ላይ ጉብታ አይተው ካላቆምክ አሉት ሹፌሩን። ሹፌሩ ሊሸኑ መስሎት አቆመ። በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ጉብታው ላይ ወጡና፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ሜዳውን ቃኝተው፣ «እዚህ ላይ ሁለት መድፍ ይበቃል» ብለው ተመልሰው ተሳፈሩ።

ከጦርነት ሁሉ ግን የእሳቸው አንድ ነው፤ የመተማ ከበባ። ከመቶ ዓመት በፊት መተማ ላይ የግብፅ ጦር ሰፍሮ ነበር፤ አገሬው ቱርክ ይለው የነበረው። የማህዲ ሰዎች ተነሥተው ይህን ጦር ከነሚስቱ ከነልጁ ከበቡት። ኋላም ከደጋ የወረደ የሐበሻ ጦር ደርሶ አወጣቸው። ከዚያ ጦር ውስጥ የአያ ጋረደው አያት ነበሩበት ይባላል፤ የሚሉትም አያ ጋረደው ናቸው። ሰኞ ሲተረኩ ነጋሪት መቺ ናቸው፤ ሐሙስ ሲተረኩ የጦሩ መሪ።

አያ ጋረደው ይህን ከበባ እንደ አዲስ የሚዋጉት በተገነጠለ የሎሪ በር ላይ ነበር። በሩን በሁለት በርሜል ላይ አጋድመው ከራኩባቸው፣ ከአገዳ ዳሳቸው ሥር ዘርግተውታል። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታሻል። ከእሱ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰዎች አበጁ። ለከባቢዎቹ የጥጥ ጥምጥም፣ ለሐበሻው ጦር የአገዳ ልጥ ጋሻ ሰጡ። መሐል ላይ ምሽጉ ቆመ፤ ውስጡም ወታደሮች፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ ሴቶች። ከድንኳን የተቀደደ ሰማያዊ ሸራ ጓንግ ወንዝ ሆነ። ከወንዙ ማዶ፣ የበሩ እጀታ ያለበት ደጋው ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። የተሰነጠቀ አገዳ ይወረወራል፤ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የወደቀው ተቆጥሮ ያንኑ ያህል ሰዎችህን ታራምዳለህ። ምሽጉ ውስጥ ክምር ጠጠር አለ፤ እሱ እህል ነው። በእውነተኛ እህል እንጫወት ያለ ሰው በዚያ ዓመት በድንጋይ ይወገር ነበር። በየዙሩ ጠጠር ይነሣል። ጠጠሩ ሲያልቅ በየዙሩ ከምሽጉ ሰዎች አንዱ ይጋደማል።

ከባቢ ሆኖ የሚጫወተው ጀማሉ ነበር፤ የመተማ ልጅ፣ በድሮው ጊዜ አያቱ ከከባቢዎቹ ጋር የተሰለፉ። ሁለቱ ሲገናኙ መጀመሪያ አፍ ነው የሚዋጋው።

«ደርቡሾቹ በየት በኩል ይመጣሉ?» ይላሉ አያ ጋረደው።

«በገዛ ስማቸው አንሷር በሉ እንጂ! ወላሂ፣ ደርቡሽ ካሉ አልጫወትም።»

«እሺ፣ አንሷሮችህ በየት በኩል ይምጡና ልፍጃቸው?»

«እንደሱ ሲሉ ያምራል» ይልና ጀማሉ ይቀመጣል።

የተከበቡትን የሚያዝ አልነበረም። የእነሱ ሥራ መጠበቅ ነው። አያ ጋረደውም እጀታው ዘንድ ጦራቸውን አስቀምጠው አይንቀሳቀሱም። ጠጠሩ አልቆ፣ ሰዉ አንድ በአንድ ተጋድሞ፣ ምሽጉ ውስጥ ጥቂት ሲቀር ነው እንደ ጎርፍ የሚወርዱት። ለምን እንዲህ ይዘገያሉ ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መድረስ የሚያምረው ሲጨነቁ ነው!»

የሺመቤት ይህችን ቃል በአጥሩ ውስጥ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። አገሯ ወገራ ላይ እህል ከከተማ ይመጣል ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጠብቅ ከርሟል። ባሏ «ትንሽ እንታገሥ፣ ይደርሳል» አለ። እሷ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በአርማጭሆ በኩል ወጣች። ልጆቿ ዛሬ ከጎጆው ደጃፍ በእግራቸው ይሮጣሉ፤ የባሏ ወሬ ግን አልመጣም። ያገሯ ሰዎች «ጥላው የወጣች» ሲሏት ሰምታለች።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ያዘ። ጥቁሩ አፈር እግር የሚውጥ ማጥ ሆነ፤ የዶካ መንገድ ተዘጋ። ዱራ፣ ያው ማሽላ፣ የጫነ ሎሪ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ኾር ከሚሉት በክረምት ከሚሞላ ወንዝ ማዶ፣ ጭቃ ይዞት ቆሟል የሚል ወሬ መጣ። በመጠለያው የሚታደለው ገንፎ ቀጥኖ ቀጥኖ የሚጠጣ ሆነ። ሙዲሩ፣ የመጠለያው ኃላፊ፣ «መሬቱ ይጠንክር፣ ሎሪው ይመጣል፣ ጠብቁ» አለ። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ጋረደውም ቃሉን ተቀብለው በየጎጆው አወጁት፦ «ጠብቁ!»

የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውም። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ከራኩባው ሥር ተሰብስቦ ጨዋታ ያይ ነበር። የሺመቤትም ከጎረቤቷ ከእማማ ሰኪና ጋር መጥታ ቆመች። ጠጠሩ አልቋል። ጀማሉ ልጅ ያዘለችውን ጭቃ ሴት አንሥቶ አጋደማት።

«አያ ጋረደው፣ አንቱ መቼ ነው የሚደርሱት?» አለች የሺመቤት።

«ገና ነው፣ የሺዬ። መድረስ የሚያምረው...»

«ሲጨነቁ ነው፤ ሰምቻለሁ። ይቺ ከዚህ ወዲያ ምን ሆና ትጨነቅ? የእነዚህ አዛዥ ማነው?»

ጀማሉ ሳቀ። «አዛዥ የላቸውም። ይጠብቃሉ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ። እንደገና ደርድሩት።»

አያ ጋረደው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የተከበበ ሰው አይንቀሳቀስም!»

«ማን አለ?»

«ታሪክ አለ!»

«ታሪክ እግር ነሳቸው? አንቱ አይደሉ እንዴ እግር ያበጁላቸው?»

አያ ጋረደው አንዷን አንሥተው ገለበጧት። እግር አላት፤ ያውም ተረከዟ ሳይቀር የወጣ። ክርክር ገጥሟቸው በገዛ እጃቸው ሥራ ሲረቱ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይደርደር!» አሉ።

የሺመቤት ወረወረች። መጀመሪያ ወታደሮቿን ሁሉ ወደ ምዕራቡ አጥር አስጠግታ ደረደረቻቸው። ጀማሉ «ልትወጋኝ ነው!» ብሎ ደስ አለውና ባለ ጥምጥሞቹን በሙሉ ወደዚያው ሰበሰበ። እሷ ግን በሚቀጥለው ውርወራ ሴቶቹን በምሥራቁ በር አወጣች። ጠጠሩንም አልተወችውም፤ በየአንዳንዷ አጠገብ አንዳንድ ጠጠር አስቀመጠች።

«እህሉን ምን ልታደርጊው ነው?» አለ ጀማሉ።

«ስንቅ ነዋ! ባዶ እጁን የሚሰደድ አለ?»

ሰዉ ሳቀ፤ የብዙዎቹ ሳቅ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። ሁሉም የወጣበትን መንገድ አስታወሰ።  ጀማሉ ዘግይቶ ነቃና ሰዎቹን ማዞር ጀመረ፤ አገዳው ግን ከዳው፣ አንድ ብቻ ወጣለት። አያ ጋረደው የማን አዛዥ እንደሆኑ ረስተው «በጥሻው! በጥሻው አሳልፊያቸው፣ የኔ ልጅ!» እያሉ በርሜሉን ይደበድባሉ። የመጨረሻ ወታደሮቿ አጥሩን ለቀው ሮጡ። ወንዙ ዳር ስትደርስ አንድ ጥሩ ውርወራ ቀራት። አገዳዎቹን በመዳፏ አሻሸች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወረወረች። ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ።

እማማ ሰኪና እልልታውን ለቀቀችው። ሰፈሩ ተቀበላት። ጀማሉ ወጉ አይቅርብኝ ብሎ ምሽጉን በጥምጥም አጥለቅልቆ ገባበት፤ ሰው የለም። አያ ጋረደውም ድንገት ጦራቸው ትዝ ብሏቸው እንደ ጎርፍ ወርደው ደረሱ፤ የሚያድኑት አጡ። ሁለቱ ጀግኖች ባዶ ምሽግ ውስጥ ተፋጠጡ።

ሁሉም አያ ጋረደው ምን ሰበብ እንደሚያመጡ ጠበቀ፤ ሰበብ አልቆባቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከወንዙ ማዶ የተሰለፉትን አዩና፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቀስ ያለ ድምፅ «አንድም ሰው አልተጋደመ» አሉ።

«ወገራ ላይ የጠበቀው ነው የተጋደመው» አለች የሺመቤት።  «ጥላው ወጣች ትሉኛላችሁ። ጥየ አይደለም የወጣሁት፤ ልጆቼን ይዠ ነው።»

 እማማ ሰኪና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «ታዲያ እኛ ያንን ሎሪ ምን ብለን ነው የምንጠብቀው? እሱ እግር የለው፤ እኛ አለን።»

የሺመቤት ከራኩባው ወጥታ መንገዱን ጀመረች። አያ ጋረደው ዘለው ተነሡ። «ቆዩ እንጂ! ያለ ሠልፍ?»

ሙዲሩ መውጫው ላይ አገኛቸው፤ ጭቃውንና ሰዉን ተራ በተራ ተመለከተና «ኢንሻአላህ» ብሎ፣ ለሹፌሩ እህሉን ስጣቸው የሚለውን መልእክቱን ጀማሉ በዐረብኛ እንዲነግርለት አብሮ ላከው። ጋቢ ያለው ጋቢ፣ ባልዲ ያለው ባልዲ ይዞ ወጣ። ጭቃው ጫማ ያለውን ጫማውን አስወለቀ፤ የሌለውን በርጩማ የሚያህል ጭቃ አጫማው። አያ ጋረደው እስከ ጉልበታቸው ተቀርቅረው ጀማሉ ሊጎትታቸው ሲል «ተወኝ! ቦታ መያዜ ነው!» አሉት። ኾሩ ወገብ ይደርሳል። የሺመቤት ቀድማ ገባች፤ ከኋላዋ ያሉት እጅ ለእጅ ተያይዘው ተከተሉ።

ሹፌሩ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሲጠጣ የቆየ ሰው ነው። በጭቃ የተለወሰ ሕዝብ ከውሃ ውስጥ ሲወጣ አይቶ ቆመ። ጀማሉ የሙዲሩን ቃል ነገረው። ሹፌሩ ግን ዙሪያውን እያየ «ከቢርኩም ሚኑ?» አለ፤ አለቃችሁ ማነው ማለቱ ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ጋረደው ዞረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ደረታቸውን ነፉ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፤ እሳቸው ሲያፈገፍጉ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ፊታውራሪ የሺመቤት ናት» አሉ። «ይኸችውና!»

ጆንያው ተፈታ፤ ዱራው በጋቢ፣ በነጠላ፣ በባልዲ ተከፋፈለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መጠለያው ደረሱ። የቀሩት ሽማግሌዎች ዱላቸውን እያነሡ ደጅ ወጡ፤ እልልታው ጭቃውን ሁሉ ሞላው። ያን ቀን የተበላው ገንፎ ማማሰያ የሚያቆም ነበር። የሺመቤትን «ጥላው የወጣች» ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

መስከረም ሲጠባ አያ ጋረደው የመተማን ከበባ ተውት። አዲስ ጦርነት አግኝተዋል፤ የዱራው ዘመቻ። አንዱ ሎሪ ሰባት ሆኗል። ወገብ ይደርስ የነበረው ኾር አንገት ደረሰ፣ ቀጥሎ ግመል አሰጠመ፤ ሰሞኑን ደግሞ ዝሆን ወስዷል። በአንዱም ቀን ግን መሪነቱን ከየሺመቤት አልነጠቁም። እሳቸው ሰኞም ሐሙስም ነጋሪት መቺዋ ናቸው።

አንድ ቀን ከሀዋታ ለመጡ እንግዶች ይህንኑ ሲተርኩ፣ የሺመቤት በአጥሩ ወዲህ እህል ትለቅም ነበር። ወንፊቷን አስቀምጣ ጆሮዋን ሰጠች። ትረካው ኾሩን ተሻግሮ ሎሪዎቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ታግሣ መቀመጥ አቃታት፤ አገዳውን በእጇ ገለጥ አድርጋ አንገቷን አሾለከች።

«አያ ጋረደው» አለች፣ «ዝሆኑን ዘለሉት!»